ደብረ ሲና ላይ ፍሬን ተቃጥሎብኝ ቆሜያለሁ፤ እንግዶቼን ምን ላሳያቸው?

የአራት ኪሎው (ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡20)

ወገን፣ አስቸኳይ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑ ሸተተ። ቀጥሎ ጭስ። መጨረሻ ላይ ፔዳሉ እየሰመጠ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ጎማው አጠገብ እጅ አያስጠጋም። ሲቀዘቅዝ መቀጠል ይቻላል ወይስ አበቃ?

ሌላው ጣጣ፣ አራት እንግዶች ይዣለሁ። ሁለቱ ከውጭ የመጡ የአክስቴ ልጆች ናቸው። ላሊበላ ነበር የምንሄደው። አሁን «እዚህ ደግሞ ምን አለ? ወይ እንቀጥል ወይ አዲስ አበባ እንመለስ» እያሉ ጆሮዬን በልተውታል። ማደራችን ካልቀረ እዚህ አካባቢ የሚታይ ነገር ንገሩኝ። ቶሎ በሉ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው።

ባለመፍቻ

መኪናው ምንድን ነው? ኦቶማቲክ ነው ማኑዋል? ስንት ሰው ጭነሃል? ዋናውን ትተህ ስለ ባትሪህ ትነግረናለህ።

ለማንኛውም ውሃ እንዳታፈስበት። የጋለ ዲስክ ድንገት ውሃ ሲነካው ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። እጅ ፍሬኑንም አትሳበው፣ ከኋላ ያለው ከጋለ ይይዝብሃል። ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግና ተወው።

ቀዝቃዛው

ደብረ ብርሃን ላይ ቢሆን ኖሮ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ በረዶ ይሆንልህ ነበር። ቸኩለህ አለፍክ።

አባ መሪ

ልጄ፣ ይህ የመኪና ችግር አይደለም፣ የሹፌር ነው። እኛ ስንማር መጀመሪያ የተነገረን «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነው። ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዘው ሞተር ነው፣ ፍሬን አጋዥ ነው። የዛሬ ልጆች ዲ ላይ አድርገው እግራቸውን ፍሬን ላይ ተክለው ይወርዳሉ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በፍሬን ሸራ ብቻ ልትወርደው ነው? የሲኖትራክ ሹፌሮችን ተመልከት፣ ገና ዋሻው አፍ ላይ ማርሽ ቀንሰው እያጉረመረሙ ነው የሚወርዱት። ኦቶማቲክም ቢሆን ኤል አለው፣ 2 ቁጥር አለው፣ ዝቅተኛ ማርሽ ማለት ነው። ለጌጥ አይደለም የተቀመጠው።

እናት ዓለም

ውሃ እንዳታፈስበት ወንድሜ!

የደሴ ልጅ

ጥያቄው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ሰሜን ሸዋ ማለፊያ ነው እኮ። ብርድና ጉም። እንግዶቹን አውቶቡስ ላይ ጫንና ኮምቦልቻ ይጠብቁህ። ምን ብለህ ነው ደብረ ሲና የምታስቀምጣቸው?

እቴ ሸዋዬ

አንተ የደሴ ልጅ፣ በዚህ መንገድ ስትመላለስ ዕድሜህን ጨርሰህ አንድ ቀን ወርደህ አይተህ ታውቃለህ? በመስኮት አይቶ «ምንም የለም» ማለት ምን የሚሉት ነው።

የአራት ኪሎው (5፡05)

ይቅርታ። ትንሽ የቤት መኪና ናት፣ ኦቶማቲክ። አምስት ሰው ከነሻንጣው። አዎ፣ ዲ ላይ ነበርኩ። አባ መሪ፣ ገብቶኛል፣ ይበቃል።

የሰፈር መካኒክ መጥቶ አየው። የፊት ሸራው አልቋል፣ ዕቃው ከደብረ ብርሃን ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው አለኝ። ፔዳሉ ግን አሁን ተመልሷል፣ እንደ ድሮው ጠንካራ ነው። ቀስ እያልኩ ብሄድስ?

ባለመፍቻ

እንዳትሞክረው። የተመለሰው ስለቀዘቀዘ ነው። ፔዳሉ የሰመጠው የፍሬን ዘይቱ ስለፈላ ነው። ዘይቱ እያደር ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት ሲገባበት ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል። ስለዚህ ትረግጣለህ፣ የሚይዝ ነገር የለም። ከፊትህ ገና ብዙ ቁልቁለት አለ።

መካኒኩን ሸራ ብቻ ቀይረህ ሂድ ካለህ እሺ አትበል። ዘይቱም ተለውጦ አየሩ ከአራቱም ጎማ ይውጣ። ዘይቱ ጥቁር ቡና ከመሰለ መቼም ተቀይሮ አያውቅም ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነበረበት።

ቀዝቃዛው

ፍሬን ሳይኖር ሸዋ ሮቢት ለመድረስ እኮ ቀላል ነው። መቆም ነው ችግሩ።

ጉዞ ወዳድ

ደብረ ብርሃን ሥላሴን አሳያቸው! ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ብቻ በቂ ናቸው። ካልሆነ ደብረ ሊባኖስ።

ቅርስ ፈላጊ

ወንድሜ፣ የመላእክቱ ጣሪያ ጎንደር ነው ያለው። ደብረ ሊባኖስም በጎጃም መንገድ ነው፣ የፍቼው ሰሜን ሸዋ። ሰውዬው ያለው በደሴ መንገድ ነው፣ በዛ ላይ መኪና የለውም።

ደብረ ብርሃን ከተማ ላይ ግን ሥላሴ አለ። ከተማዋን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ እሳቸውም እዚያው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተሙ። በኋላ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ምኒልክ ራሳቸው ከዚያው አቅራቢያ አንጎለላ ነው የተወለዱት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። ስትመጡ ሳታዩት አልፋችሁታል።

የሞላሌ ልጅ (5፡40)

እስቲ ሰው ይናገር። ወንድም፣ የቆምክበት ቦታ እኮ ጥሩ ነው። መኪናውን ለመካኒኩ ተውና በሚኒባስ ወደ ጣርማ በር ተመለሱ፣ ቅርብ ነው። እዚያ ገደሉ አፍ ላይ የምኒልክ መስኮት የሚሉት ቦታ አለ፣ የአካባቢውን ልጅ ጠይቁ ያደርሳችኋል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ያሳያል። ጉም ካለ ደግሞ ጉሙ ከእግራችሁ ሥር ነው የሚሆነው።

ለአክስትህ ልጆች ይህን ንገራቸው። በዚያ ሸንተረር ወደ ምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፣ ሜዲትራንያን ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የሚዘንበው አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፣ አፋር ውስጥ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሁለት እግርህን አንፈርክከህ ብትቆም አንዱ ወደ ግብፅ ነው፣ አንዱ ወደ አፋር።

ጭላዳ ዝንጀሮም አለ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የለም። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ይውላል፣ ሲመሽ ገደሉን ወርዶ ጠርዙ ላይ ያድራል። ስለዚህ በአሥር ሰዓት ገደማ ብትሄዱ ሲወርዱ ታያላችሁ። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፣ ጎፈሬው ትከሻውን ይሸፍናል። አትጠጉት፣ ዳቦ አትስጡት። ልጆች የበግ ጸጉር ኮፍያ ይዘው ይመጣሉ። ግዙ፣ ማታ ትፈልጉታላችሁ።

የደሴ ልጅ

እሺ፣ ዝንጀሮ አየ። ሌላስ?

የሞላሌ ልጅ

ሌላማ የኛ አገር ነው፣ ጓሳ። ከጣርማ በር በመዘዞ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ለዛሬ አይሆንም፣ ሲመለሱ ግን አንድ ሌሊት ያድሩበት። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ቆሞ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ። ጠዋት በማለዳ ከተነሳህ ቀይ ቀበሮን ፍልፈል ስታድን ታያለህ። ጆሮዋን አቁማ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ፀጥ ብላ ትጠብቃለች። እዚያ ጋ የመኪና በር ድም አድርገህ ዘግተህ እንዳታባርራት። ሰው ባሌ ድረስ ሄዶ ነው ቀይ ቀበሮ የሚያየው፣ እዚህ በአንድ ቀን መንገድ ላይ እያለችለት።

ደግሞ ያቆየው ሕዝቡ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥርዓት አበጅተውለታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ ቀን ተቆርጦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ የዝናብ ገሳ ከዚያ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ በኋላ ሕዝቡ በሌላ መልክ መለሰው። ዛሬም ጠባቂዎቹ የአገሩ ልጆች ናቸው። የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ። ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብርድ ልብስ ይብዛ።

እቴ ሸዋዬ

አንኮበርንስ ማን ሊናገርላት ነው? ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፣ ምኒልክ እንጦጦ ሳይወጡ በፊት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ ላይ ዛሬ ሎጅ አለ። ቡና ይዘሽ በረንዳው ላይ ስትቀመጪ ታች ያለው ገበያ አልዩ አምባ ነው። የጨውና የቡና ነጋዴው ሁሉ በዚያ ነበር የሚወጣው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ሊፈራረሙ የመጡትም ያንን ዳገት ወጥተው ነው። አስቡት፣ በበቅሎ።

ወፍ የሚወድ ሰው ካለ የአንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ሳይንስ ያወቃት ገና በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ነው። እንደ ድንቢጥ ስለምትመስል እኛ ልብ አላልናትም።

ቀዝቃዛው

ሁላችሁም ታሪክ ታበላላችሁ። ሰዎቹ ራባቸው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለደብረ ብርሃን ነው። የመንዝ በግ ጥብስ፣ ከላይ አረቄ። ሹፌሩ ግን አይቀምስም፣ ፍሬኑ ብቻ ነው መቃጠል ያለበት።

እናት ዓለም

ስትመለሱ ሸኖ ላይ ቅቤ ግዙ። ለጋ ነው ሲሏችሁ አሽትታችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የገብስ ቆሎና በሶ። እኔ አንዴ ከአንዲት እናት ባና ገዝቻለሁ፣ ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ። ደጃፏ ላይ እንዝርቷን እያሾረች ነበር የሸጠችልኝ። ከባድ ነው፣ የበግ ሽታው ለወራት አልለቀቀም። ግን እሱን ደርቤ በርዶኝ አያውቅም። ባሌ «በጓን ራሷን ገዝተሽ ብትመጪ ይሻል ነበር» አለ።

እና ውሃ እንዳታፈስበት።

ባለመፍቻ

እናት ዓለም፣ መኪናው ከቀዘቀዘ ሰዓታት ሆነው እኮ።

ቅርስ ፈላጊ

ነገ ጠዋት ዕቃው እስኪመጣ ጊዜ ካላችሁ ወፍ ዋሻ ደንም ከደብረ ሲና ሩቅ አይደለም። ገደሉን ይዞ ወደ አንኮበር የሚሄድ ደን ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ከታደላችሁም ጉሬዛ። መንገድ መሪ ያዙ፣ ዳገቱ ቀልድ አይደለም።

እና ዋሻውን ስታልፉ ለአክስትህ ልጆች ንገራቸው፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረው ነው። መንገዱን እየሠራ ሳለ እነ ራስ አበበ አረጋይ በእነዚሁ የሸዋ ተራሮች ላይ ዐምስት ዓመት እንቅልፍ ነሥተውታል።

አባ መሪ

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት መናኸሪያ ገብታችሁ የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮቹን ጠይቁ። የዛሬው ሁኔታ ከትናንቱ ይለያል። ከመሸ በኋላ አትጓዙ። ይህንንም ስብከት ነው ካላችሁ በሉ።

የአራት ኪሎው (8፡50)

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ክፍል ይዘናል። አሁን ሚኒባስ ላይ ነን፣ ወደ ጣርማ በር። ሁለቱ አሁንም አኩርፈዋል፣ ትንሹ ግን የጭላዳውን ነገር ከሰማ ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎኛል። መካኒኩ ዘይት መቀየር አያስፈልግም እያለ ነው። ባትሪ 4

ባለመፍቻ

ያስፈልጋል! ራስህ ገዝተህ ስጠው! ያልተከፈተ ጣሳ ይሁን፣ ከተከፈተ የቆየ እርጥበት ስቧል።

የደሴ ልጅ (እሑድ)

ምን ደረሰ ሰውዬው? ኮምቦልቻ ገባ?

ቀዝቃዛው

ባትሪው ከፍሬኑ ቀድሞ አለቀ።

እቴ ሸዋዬ

የደሴ ልጅ፣ አንተ ራስህ መቼ ነው አንኮበር የምትሄደው?

የደሴ ልጅ

እስቲ የጓሳውን ንገሩኝ መጀመሪያ። በቤት መኪና ይገባል ወይስ ፒክአፕ ግድ ነው?

የሞላሌ ልጅ

በበጋ ቀስ እያልክ ትገባለህ። በክረምት አይሞከርም። ፍሬንህን አሳይተህ ና።