ለእናቴ መንጋጋ የሚሞላው የአጥንት ዱቄት ከምን የተሠራ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከፒያሳ
ሰላም ናችሁ? እናቴ የታች መንጋጋ ጥርሷን ካስነቀለች ቆይታለች። አሁን ጥርስ ለማስተከል ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «አጥንቱ ሳስቷል፣ መጀመሪያ የአጥንት ዱቄት ይሞላል» አላት። አንዱ ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ነው፣ ሌላው የፋብሪካ። ከላይ የሚሸፍነው ስስ ነገር ከአሳማ መሆኑን ስትሰማ ግን «አፌ አይገባም» ብላ ተነሳች። ስኳር አለባት። የፋብሪካው ያዋጣል? የሚተከለውስ ዚርኮኒያ የሚባለው ሴራሚክ ይሁን ታይታኒየም የሚባለው ብረት?

የጥርስ ሐኪም፣ ስታዲየም
እናትህ መጠየቃቸው ትክክል ነው። ከከብት ጅማት የሚሠራ ሽፋን አለ። ጭራሽ ከእንስሳ ያልሆነም አለ፤ አንዳንዱ ግን በኋላ ተከፍቶ ይወጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስኳሩ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ሳይታይ ቀጠሮ እንዳትይዙ። ስኳር ካልተስተካከለ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽንም ሊከተል ይችላል። ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ። በራሳቸው ግን እንዳያቆሙ።

የማቴሪያል ኢንጂነር፣ አምስት ኪሎ
የፋብሪካው ያዋጣል። የአጥንታችን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ማዕድን ነው። ሃይድሮክሲአፓታይት ለሚባለው ካልሲየም ፎስፌት የቀረበ ነው፤ ፋብሪካውም እሱኑ ይሠራል። ዱቄቱ ራሱ አጥንት አይሆንም። ሕንፃ ሲሠራ እንደሚቆመው ርብራብ ነው፤ የደም ሥርና የአጥንት ሴል በቀዳዳዎቹ ገብተው በላዩ ይሠራሉ። ስለዚህ ዓይነቱን ጠይቅ። ሃይድሮክሲአፓታይት ለዓመታት ይቆያል። ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ደግሞ በወራት ውስጥ ይሟሟል። አዲሱ አጥንት ሳይደርስ ከሟሟ ቦታው ይጎድላል። ሁለቱን የቀላቀለም አለ፣ ለምሳሌ 60 ለ40። እኔ ብሆን ስለ እሱ እጠይቃለሁ።

እህት፣ ከአራት ኪሎ
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የአሳማውን እኔም እምቢ ብዬ ነበር። ሐኪሜ ሳይቆጣ በከብት ቀየረልኝ። ማሸጊያውን ፊቴ ከፈተው፣ ተለጣፊ ወረቀቱንም ካርዴ ላይ ለጠፈልኝ። የዕቃው ስምና ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ወንድሜ፣ እሱን ሳትይዙ እንዳትወጡ። አንድ ቀን ሌላ ሐኪም ቢያያት ምን እንደገባላት የሚያውቀው በሱ ነው።

የጥርስ ሐኪም፣ ስታዲየም
ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ፦ ለኋላ መንጋጋ ታይታኒየም እመርጣለሁ። ስዊድናዊው ሐኪም ብሮኔማርክ ለመጀመሪያው ታካሚ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታይቷል። ዚርኮኒያ ነጭ ስለሆነ ለፊት ጥርስና ለስስ ድድ ያምራል፤ የረጅም ጊዜ ልምዱ ግን ያንሳል። ዋጋ ሲነግሩህ ስለ የትኛው ክፍል እንደሆነ ለይተህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ አጥንት ውስጥ የሚገባው ብሎን ታይታኒየም ሆኖ፣ ላዩ ላይ የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው ዚርኮኒያ የሚሆነው። ከተሞላ በኋላም ወራት መጠበቅ አለ። «በአንድ ሳምንት እንጨርሳለን» የሚል ካለ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

ጠያቂ፣ ከፒያሳ
እግዜር ይስጥልኝ! ሰኞ ስኳሯን አስለካለሁ። የከብቱን ሽፋን እኔው ገዝቼ ብወስድስ?

የጥርስ ሐኪም፣ ስታዲየም
አይሆንም ወንድሜ። እንዴት ተቀምጦ እንደቆየ፣ ስቴራይልነቱ (ከጀርም ንጹሕ መሆኑ) እንዳልተነካ የሚያረጋግጥልህ የለም። ክሊኒኩ ያምጣው፣ ኃላፊነቱንም ይውሰድ። ከሌለው የከብቱ ያለው ክሊኒክ ፈልጉ።