በአንድ የተፈናቃዮች ጣቢያ የበርካታ ድርጅቶችን ሥራ የሚያስተባብረው ማን ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ሐዋሳ በሚገኝ የአገር ውስጥ ረድኤት ድርጅት ውስጥ ነው። በአንድ ጣቢያ ሁለት ድርጅቶች በአንድ ሳምንት ብርድ ልብስ ሲያድሉ፣ የሞላውን የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያስመጥጥ ግን ይጠፋል። ይህን የማስተካከል ኃላፊነት የማን ነው?

መልስ፦
ቀዳሚው ኃላፊነት የመንግሥት ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀችው፣ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነትም ይህንኑ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የክላስተር አሠራር (ረድኤት ድርጅቶች በየሥራ ዘርፋቸው ተቧድነው የሚቀናጁበት) መሠረት፣ የጣቢያዎችን ማስተባበርና አስተዳደር በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመሩት፣ በግጭት ለተፈናቀሉት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ በተፈጥሮ አደጋ ለተፈናቀሉት ደግሞ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ናቸው። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው አካል ሁሉንም ሥራ ራሱ አይሠራም፤ ክፍተቱን መዝግቦ ለሚመለከተው ያሳውቃል፣ እስኪፈጸምም ይከታተላል።

ሌላ መልስ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ብዙው የተጠለለው በትምህርት ቤቶችና በመንግሥት ሕንፃዎች ስለነበር፣ ቅንጅቱ ከቀበሌና ከወረዳ አስተዳደር ውጭ የሚታሰብ አልነበረም። በእኔ እምነት የክልል ስብሰባ ብቻውን አይበቃም፤ ማን፣ የት፣ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየው ሠንጠረዥ በየጊዜው መታደስና እዚያው ጣቢያው ላይ፣ ሴቶች ባሉበት የተፈናቃዮች ኮሚቴ ፊት መነበብ አለበት። የሰብዓዊ ርዳታ ዝቅተኛ ደረጃዎችን የያዘው የስፊር መስፈርት ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል፤ ቁጥሩ ተሟልቶም በሩ ከውስጥ የማይቆለፍ፣ ሌሊት መብራት የሌለው ከሆነ ሴቶች እንደማይጠቀሙበት የሚናገሩት እነርሱው ናቸው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉድጓዱን ጉዳይ ለወረዳውና ለጣቢያው አስተዳዳሪ በጽሑፍ አቀርባለሁ።