አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያሉ የሚሄዱ ልቦለዶች ለምን እንዲህ ይይዙናል?

ወለላ_ነኝ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ያ ጂያሲ የተባለችውን ደራሲ «ሆምጎይንግ» የሚል ልቦለድ አንብቤ ጨረስኩና ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ ዘመኑ 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ቦታው የዛሬዋ ጋና ባሕር ዳርቻ። በእናት የሚገናኙ ግን የማይተዋወቁ ሁለት እህትማማቾች አሉ። ኤፊያ የእንግሊዙን ሹም አግብታ ኬፕ ኮስት ግንብ ላይኛው ፎቅ ትኖራለች። ኤሲ ደግሞ እዚያው ግንብ ምድር ቤት ውስጥ፣ በመርከብ ልትጫን፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ታጉራለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ ትውልድ ሰው ነው። አንዴ ጋና አንዴ አሜሪካ እያለ እስከ ዛሬ ይደርሳል።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው። ልክ ስትወዱት ያልቅና ልጁ ይመጣል። በሌላ መጽሐፍ ቢሆን ተናድጄ እተወው ነበር። ታሪክ የሚባል ትምህርት ደግሞ ድሮም አልወድም፣ ንጉሥና ዓመተ ምሕረት ነው የሚሆንብኝ። ታዲያ እዚህ ላይ ለምን ተጣበቅኩ? እናንተንስ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ይይዛችኋል? በአማርኛስ ይሄን የመሰለ ለምን አነሰብን?

ካዛንቺስ_ማዶ

ወለላ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ታሪኩን ላበላሽባችሁ ስለሆነ ያላነበባችሁ እኔን ዝለሉኝ።

እኔን የሚይዘኝ፣ አንባቢው የሚያውቀውን ባለቤቶቹ አለማወቃቸው ነው። ኮጆን አስታውሺው፣ ባልቲሞር መርከብ የሚጠግነውን። ልጆቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው ስም የሚያወጣላቸው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ጂ ደርሷል፣ ስምንተኛውን ገና ሆድ ውስጥ ሳለ «ኤች» እያሉ ይጠሩታል። ከዚያ እናቲቱ ድንገት ታፍና ትጠፋለች። የዚያን ወገን ቀጣይ ምዕራፍ ስትገልጪ ኤች የሚባል ግዙፍ ሰው አላባማ ውስጥ፣ ከሰል ማዕድን ሲቆፍር፣ እስረኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ስሙ ለምን አንድ ፊደል ብቻ እንደሆነ የሚነግረው ሰው በዓለም ላይ የለም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ! ገጹ ውስጥ ገብተሽ «አባትህ እኮ...» ልትዪው ምንም አይቀርሽ።

መጨረሻ ላይም ማርከስና ማርጆሪ አብረው ግንቡን ሲጎበኙ ዘመዳሞች መሆናቸውን አያውቁም፣ አንባቢው ብቻ ነው የሚያውቀው። ለዚህ ነው መሰለኝ ሰዎቹ በየምዕራፉ ቢቀያየሩም አንቺ የማትሄጂው። ክሩን የያዝሽው አንቺ ነሻ።

ስለ ታሪክ ትምህርት ያልሽውም ልክ ነው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ይላል መጽሐፉ፣ እሺ። ስንቅ አዝላ የዘመተችው ሴት ስትመለስ እቤቷ ምን ጠበቃት? ከጥቂት ዓመት በፊት እኮ በክፉ ቀን ከብቱ አልቋል፣ ሰው በረሃብ ረግፏል። ምን አርሳ፣ ምን ጋግራ ነው ልጆቿን ያሳደገችው? ይሄን ለማወቅ ልጇም የልጅ ልጇም ያሉበት ረጅም ልቦለድ ያስፈልጋል።

የድሮ_ባለርስት

የጎጃም ልጅ ነኝ፣ እኔ በሌላ በኩል ልምጣበት።

አያቶቻችን ዘር የሚቆጥሩት ለጨዋታ አልነበረም፣ ለመሬት ነው። ርስት ለመጠየቅ መጀመሪያ አገሩን ካቀናው አባት ተነስተህ እስከ ራስህ ድረስ፣ እከሌ እከሌን ወለደ እያልክ፣ ሳትደናቀፍ ማውረድ ነበረብህ። አንዷን ከዘለልክ ተቃራኒህ ቆሞ ይሰማሃል። በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር ሴቶቹም አይረሱም ነበር፣ መሬት ያመጣች ቅድመ አያትማ ስሟ እንደ ዳዊት ይደገማል። ጋብቻም ላይ እንዲሁ ነው፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሰርግ የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ቆጠራውም ሥራ ፈታ። ዛሬ የኔ ታናናሾች ከአያታቸው ወዲያ አንድ ስም አይጨምሩም፣ አይፈረድባቸውም፣ ምን ያደርግላቸዋል?

ግን ያኔም ቢሆን የሚቆጠረው ስም ብቻ ነው። ወዳ ነው ያገባችው ወይስ ተጠልፋ? ሦስተኛው ልጅ ለምን ከቤት ወጥቶ ቀረ? ይሄ ለመሬት ክርክር ስለማይጠቅም ማንም አላቆየልንም። ልቦለድ ደግሞ ሥራው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የለንም ለሚባለው፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» እኮ ከበዛብህ አይጀምርም። ማንኩሳ ላይ፣ ከእናትና አባቱ ነው የሚነሳው። ስለቱ ሲሳል አንባቢው እዚያው ቆሞ ስላየ፣ በኋላ ልጁ ሰብለ ፊት ሲጨነቅ ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ሌላም አለ፣ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ። ስንቆጥር ዘለን የምናልፋቸው ሰዎች አሉ። በብዙ ትልልቅ ቤት ባሪያ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ነው፣ ይሄ የሩቅ ዘመን አይደለም፣ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። እዚያው ጓሮ የተወለዱ ልጆች የማን ዘር ውስጥ ተቆጠሩ? የኛ «ሆምጎይንግ» ቢጻፍ ከአዳራሹና ከማድቤቱ ነው የሚጀምረው። ያነሰብንም ለዚህ ይመስለኛል፣ ጸሐፊ ጠፍቶ አይመስለኝም። አንዱ ደፍሮ ቢጽፈው መጀመሪያ የሚቆጡት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው።

አልዋጥልኝም

እኔ እንኳ ይሄን ዘውግ ሰልችቼዋለሁ። በየመጽሐፉ አንድ ሻንጣ አለ። የልጅ ልጅ ከውጭ ትመጣለች፣ የሟች አያቷን ክፍል ትከፍታለች፣ ከአልጋ ሥር ሻንጣ ትጎትታለች፣ ውስጡ የታሰረ ደብዳቤ፣ በደብዳቤው ውስጥ ምስጢር። እንዴ! የኔ አያት ፊርማቸው አሻራ ነበር፣ ምን ደብዳቤ ነው የሚጽፉልኝ?

ደግሞ የዛሬው ክፍል ሁሌ ቀዝቃዛ ነው። 1928 ላይ፣ ሰው ማይጨው ላይ በመርዝ ጋዝ እየተቃጠለ፣ ልቤ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ምዕራፉ ይቆረጥና ልጅቷ ካፌ ቁጭ ብላ ከፍቅረኛዋ ጋር ስትነጫነጭ አነባለሁ። ምን አገባኝ?

ትልቁ ግን ይሄ ነው፦ በኛ አገር የማንም አያት ባንዳ አልነበረም። ልብ ብላችኋል? ሁሉም አርበኛ፣ ሁሉም አድዋ ዘማች። አምስት ዓመት ሙሉ ለጣልያን ያስተረጎመው፣ መንገድ የመራው፣ ግብር የሰበሰበው ማን ነበር ታዲያ? ዘር አልባ ነው የሞተው? አንድ ደራሲ ተነስቶ አያቱ ጣልያን ቤት እንጀራ የበላ፣ በ1933 ጃንሆይ ሲመለሱ ኮቱን ገልብጦ የለበሰ፣ ልጆቹም በዚያው ሹመት የተማሩ ቤተሰብ ቢጽፍልኝ፣ ሻንጣም ቢጨምርበት አነባለሁ።

ወለላ_ነኝ

አልዋጥልኝም፣ ሻንጣው ገደለኝ 😂 ግን እኮ «ሆምጎይንግ» ልክ አንተ የምትለውን ነው የሚያደርገው። የኤፊያ ወገን ባሪያ ሻጭ ነው፣ ደራሲዋ አልሸፈነችላቸውም። ካፌውን ተስማምቻለሁ።

@የድሮ_ባለርስት፣ ስለ ማድቤቱ ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እናመሰግናለን ጋሼ።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ከዚህ ከሜሪላንድ ነኝ። ለኔ ጉዳዩ በልጄ በኩል ነው የመጣው። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ዛፍ ሣሉ ተባሉና ወረቀት ይዛ መጣች። የአባቷ ወገን እሺ፣ የኔ ወገን ሦስተኛው ሳጥን ላይ ቆመ። እንደምታውቁት እዚህ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። እናት አገር ቢሆን ስሙ በየትውልዱ አንድ እየተገፋ ይሄዳል፣ እዚህ ግን አንድ ሽማግሌ ላይ ተቸነከረ፣ ከሱ በላይ ማንም የለም። ልጄ የምትጠራበት ሰውዬ ማን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ልነግራት አልቻልኩም።

ስልክ አንስቼ አክስቴን «ስንት ዓመተ ምሕረት?» እያልኩ ሳደርቃት «እኔ እንጃ ልጄ» ብቻ ነው መልሷ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ በዓመት አይጠየቅም። «ጣልያን ሲገባ ነው ከዚያ በፊት?» «ከንጉሡ መውረድ በኋላ ነው?» ስላት ፈሰሰ። ቅድመ አያቴ «ይሄን ልጅ አዝዬ ነው ጫካ የገባሁት» ይሉ ነበር አለች፣ «ይሄ ልጅ» አያቴ ናቸው። 1928 ላይ ጀርባ ላይ ከነበሩ 1926 ወይም 27 ግድም ተወልደዋል ማለት ነው። አንደኛው ሳጥን እንዲህ ሞላ።

የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» የያዘኝም ለዚህ ነው። ሂሩት በ1966 አብዮት ጊዜ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ሳጥን ይዛ ትቀመጥና ወደ ጣልያን ወረራ ትመልስሻለች። ደራሲዋ ስለ ዘማች ሴቶች እየጻፈች ቅድመ አያቷ ራሳቸው ጠመንጃ ይዘው መዝመታቸውን አታውቅም ነበር። ከእናቷ ሰማችው። ለምን አልነገርሽኝም ስትላት፣ አልጠየቅሽኝማ አለቻት። ይሄ የሁላችንም ቤት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ዛሬ «ዘር» ስትዪ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፣ ወዲያው ፖለቲካ ይመስለዋል። ባለፈው ለቅሶ ቤት የቅድመ አያቶቼን አገር ስጠይቅ አንዱ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ ስቆጥር ግማሾቹ ከጠበቅኩት ሌላ አገር ሰዎች ሆነው ነው የተገኙት፣ ለዚያኛው ፖለቲካ እንኳ አይመቹም።

አልዋጥልኝም

አልጠየቅሽኝማ?! እሺ፣ ይሄኛውን አነባለሁ። ሻንጣ ግን አለው?

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ሳጥን ነው ያለው፣ ያውም የአንድ ጣልያናዊ ወታደር። ውስጡ ፎቶ ነው፣ ደብዳቤም አለ ይቅርታ።

ካዛንቺስ_ማዶ

😂😂 «ሆምጎይንግ»ን ለምትጀምሩ አንድ ምክር፦ መጀመሪያው ላይ ያለውን የዘር ሐረግ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት። በየምዕራፉ ወደኋላ መገልበጥ ያደክማል፣ መሀል ላይ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋባችኋል። አንድ ምዕራፍ በአንድ ማታ ይበቃል፣ ደራርባችሁ ስታነቡት ሰዎቹ ይቀላቀሉባችኋል። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፣ አትፍሩት።