በመዋጮ ብቻ ለሚኖር የውሻ መጠለያ በየወሩ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ሰሚት_ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ወደ 30 ውሻ የያዘ መጠለያ አለ። በጀት የሚመድብለት የለም፤ ሰው ባመጣለት ነው የሚያድረው። አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ሆነን በየወሩ ለመርዳት ተስማምተናል። ከሆቴሎች ትርፍራፊ እንሰብስብ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ እንስጥ ያሉ አሉ፤ ገንዘብ ይሻላል የሚሉም አሉ። ሥራውን የምታውቁ፣ ከምን እንጀምር? ምንስ እንዳናደርግ?

የእንስሳት_ጤና
የሆቴሉን ነገር ላስቀድም፤ በቅን ልብ ተብሎ ውሻ የሚጎዳው በዚህ ነውና። ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ መቀቀልም መርዝነቱን አያጠፋውም። አንድ ውሻ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ሊታመም ይችላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላቱም ተጠራቅሞ ይጎዳዋል። ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ አቅም ያጣል። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ከምግቡ ጋር አያያይዘውም። ስለዚህ ከሆቴል የምትቀበሉት ወጥ ያልነካውን ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦና ያልተቀመመ ሥጋ ብቻ ይሁን። ለዚህም ማድ ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው የራሱ ባልዲ አስቀምጡ፤ አንዴ ከተደባለቀ መለየት አይቻልም። የበሰለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚበሳ በጭራሽ አትቀበሉ።

ከትርፍራፊ ይልቅ ራሳችሁ ብታስቀቅሉ እመርጣለሁ። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝኑ 30 ውሾች በቀን 5 ኪሎ ሩዝ፣ 8 ኪሎ ጨጓራና ሳንባ፣ 300 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል። በክረምት ብርድ ጥቂት ጨምሩ። ጨው አያስፈልግም። ምግቡ አጥንት ስለሌለው ካልሲየም ያጥረዋል፤ የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ ለአንድ ውሻ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉበት። ቡችሎች ግን በዚህ አያድጉም፤ ለእነሱ የፋብሪካ የቡችላ ምግብ ግዙ።

ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ያን ክፍል ቆርጣችሁ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ውሻ በጥሬው ከበላው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ትል አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ይገባል። የቀረውንም ቢያንስ 40 ደቂቃ ሳይቀቀል አትስጡ፤ መጠለያውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየ6 ሳምንቱ መስጠቱን አረጋግጡ።

ዐቢይ ጾምን አስቡበት። 55 ቀን ሙሉ አብዛኛው ሥጋ ቤት ዝግ ነው፣ የሆቴሉም ምግብ የጾም ይሆናል። መጠለያዎች በጣም የሚቸገሩት ያኔ ነው። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ጋር ቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ ካልሆነ ለአንድ ውሻ በቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አድርጉ። በጾም እንቁላል ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል፣ ቅርፊቱም ለካልሲየሙ ይሆናችኋል።

ገንዘብ_ያዥ
መጠለያ የሚቸገረው ገንዘቡ ሲያንስ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲቀር ሠራተኛ መቅጠርም ክትባት ማዘዝም አይችልም። እያንዳንዱ ቤት 500 ብር ቢያዋጣ በወር 6,000 ብር ይሆናል። ቀኑን ቁረጡ፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት ከአንድ ሰው ጋር ይሰብሰብ።

ለፎቶ ለማይመቸው ወጪ ቅድሚያ ስጡ። ለቡችላ ምግብ የሚያመጣ አይጠፋም፤ የቤት ኪራይ፣ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ፣ የማምከኛ ቀዶ ጥገና ግን ማንም አያስታውሰውም። ከሁሉም አስቀድማችሁ ሴቶቹን አስመክኑ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው፤ አንዲት ያልመከነች ሴት የዓመቱን መዋጮ የሚበሉ ቡችሎች ትወልዳለች።

ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆኑንና ሒሳቡ በድርጅቱ ስም መከፈቱን ተመልከቱ። ገና ያልተመዘገበ ከሆነ በግለሰብ ቴሌብር አትላኩ፤ ሩዙን ራሳችሁ ገዝታችሁ አድርሱ፣ ለሐኪሙም በቀጥታ ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ። ባለቤቱን በመጠራጠር አይደለም፤ ነገ ሰው ሲጠይቅ እሱንም እናንተንም ይጠብቃል።

ንጹሕ_ግቢ
አሮጌ ብርድ ልብስ አትስጡ እላለሁ። ከረጠበ አይደርቅም፤ ውሻ ከታመመበት ቤት ከመጣ ደግሞ ፓርቮ የሚባለውን ገዳይ የውሻ ተቅማጥ በሽታ ይዞ ይገባል። የፓርቮ ቫይረስ ጥላ ባለበት ቦታ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ይልቅ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ደረቅ ጭድ ሞልታችሁ ሰፍታችሁ በእንጨት ፓሌት ላይ አንጥፉ፤ ሲቆሽሽ ጭዱ ይቃጠላል፣ ከረጢቱ ይታጠባል።

በረኪና ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል፣ አጠቃቀሙ ግን ብዙ ቦታ ይበላሻል። መጀመሪያ ቆሻሻውን ጠርጎ ወለሉን በሳሙና ማጠብ ግድ ነው፤ ዓይነ ምድር ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ (ለ5 ሊትር ባልዲ 165 ሚሊ ሊትር ገደማ) በጥብጦ 10 ደቂቃ ወለሉ ላይ ማቆየት፣ በመጨረሻ ማለቅለቅ። የተበጠበጠው ለነገ አያድርም። አዲስ የሚገባ ውሻ 14 ቀን ለብቻው ይቀመጥ፤ የእሱ ባልዲና መጥረጊያም ወደ ሌሎቹ አይሻገር።

ሰሚት_ሰፈር
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ልጆቻችንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደው መርዳት ይፈልጋሉ። ንክሻን ፈራን።

የእንስሳት_ጤና
ልጆቹ ጭድ ይሙሉ፣ ቅርፊት ይፍጩ፣ ለጉዲፈቻ ፎቶ ያንሱ። አዲስ የገቡት ጋ ግን አይግቡ። አዘውትሮ ውሻ የሚይዝ አዋቂ አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቢወስድ መልካም ነው፤ በመጀመሪያው ቀንና ከ7 ቀን በኋላ ይሰጣል።

ከተነከሱ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰዉ ፓስተር የሚለውን (የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን) ያውቀዋል። ወደ ባህል መድኃኒት ሄዳችሁ ቀን አታቃጥሉ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የነከሰውን ውሻ አትግደሉ፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ክትባት ገዝታችሁ የምትሰጡ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ በረዶ ያለበት ሳጥን አዘጋጁ፤ ብልቃጡ ግን በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ለዩት፣ በረዶ የሠራ ክትባት ይበላሻል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ከውጭ ለምንረዳ፦ ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያው) ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም። ገንዘቡ መጀመሪያ እዚህ አሜሪካ ባለ ሰው እጅ ስለሚገባ ያ ሰው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚልክ ዘመቻው ገጽ ላይ ይጻፍ፣ የላከበትንም ደረሰኝ እዚያው ይለጥፍ። በሻንጣ መድኃኒት አታምጡ፣ ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ይይዘዋል። የአንገት ማሰሪያ፣ የመጎተቻ ገመድና የአፍ መሸፈኛ ግን ቀላልም ጠቃሚም ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የውሾቹን የአንገት ልክ በሴንቲሜትር አስልኩ፤ አነስተኛ መጠን ያለው ብቻ እየመጣ መጋዘን ይሞላል።