ባለ ሦስት ጎማ መኪናዬ ኩርባ ላይ ጎማ ያነሣል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከአቶቴ፣ ሐዋሳ
ጤና ይስጥልኝ። ከተገለበጠ ባጃጅ በወጣ ሞተር፣ ባለ ሁለት ወንበር ዝግ መኪና በግቢዬ እየሠራሁ ነው። ምክንያቴ እናቴ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለሕክምና በባጃጅ የማመላልሳቸው ሲሆን፣ በር በሌለው ተሽከርካሪ መቀመጥ ያስፈራቸዋል። ሻንሲውን (የመኪናውን አጽም) በቱቦላሬ ብረት በየድኩት፤ አንዱ ጎማ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ናቸው። ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኞቹ 2 ሜትር፣ በኋለኞቹ መካከል ደግሞ 115 ሳንቲ ሜትር አለ። ባለፈው እሑድ ከወንድሜ ጋር ባዶ ሜዳ ላይ ስሞክረው፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድኩ ጠበብ አድርጌ ስዞር የውስጠኛው የኋላ ጎማ አራት ጣት ያህል ከመሬት ተነሣ። ሁለቱን ጎማዎች ወደ ፊት ላምጣቸው ወይስ ያለው ይስተካከላል?

መልስ፦ የባጃጅ መካኒክ፣ ሐዋሳ
ወንድሜ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ያስቡበት። የባጃጅ ሞተር ከነካምቢዮውና ከነዲፈረንሻሉ አንድ አካል ሆኖ የተሠራና ኃይሉን በሁለት ዘንግ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል በመሆኑ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ብቻ ቢያደርጉ ያ ሁሉ ሥራ ከንቱ ይሆናል። በሰንሰለት አንድ ጎማ የሚነዳ የሞተር ሳይክል ሞተር መግዛት ይኖርብዎታል፤ እርሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ማርሽ የለውም።

መልስ፦ የመካኒክስ መምህር፣ አዳማ
በመካኒኩ ሐሳብ እስማማለሁ። ሆኖም ፍሬን በሚያዝበት ጊዜ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ ሁለት ጎማ ከፊት ያለው ተሽከርካሪ ፍሬን እየያዘ ሲታጠፍ የተሻለ እንደሚረጋጋ መካድ አይቻልም። ለማንኛውም ግምቱን ትተን እንመዝን። ከእህል ነጋዴ ሚዛን ይዋሱና ሁለት ሰው ተቀምጦበት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ይመዝኑ፤ የቀሩት ጎማዎች በሚዛኑ ቁመት ልክ ጣውላ ላይ ይቁሙ፤ አለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል።

ጠያቂው
መዘንኩት። ጠቅላላው 400 ኪሎ ሲሆን፣ 160ው በፊተኛው ጎማ ላይ ነው። ወንበሮቹን መሪው አጠገብ አስጠግቼ፣ ከፍ አድርጌ ነው የተከልኳቸው።

መልስ፦ የመካኒክስ መምህር፣ አዳማ
ችግሩ እዚያው ነው። የክብደቱ ማዕከል (ክብደቱ ሁሉ ያረፈበት ያህል የሚቆጠረው ነጥብ) ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ የኋላው ስፋት ግማሽ 57.5 ለ60 ተካፍሎ፣ ሁለቱ ጎማዎች በሚሸከሙት 60 በመቶ ሲባዛ 0.57 ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም የጎን ግፊቱ ከክብደቱ 57 በመቶ ሲደርስ ጎማው ይነሣል ማለት ነው። 5 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ይህ የሚሆነው በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ እሑድ የሆነብዎም ይኸው ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ስበውና ዝቅ አድርገው የፊቱን ጭነት ወደ 100 ኪሎ፣ ማዕከሉንም ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ቢያወርዱት 0.86 ይደርሳል። የፍጥነቱ ልዩነት 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢመስልም፣ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የጎን ግፊቱ 0.86 ሳይደርስ መንሸራተት ስለሚጀምር መኪናው ከመገልበጥ ይልቅ ይንሸራተታል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። የፊቱን ግን ከዚህ በላይ አያቅልሉት፤ መሪው አልታዘዝ ይላል። ፍሬን ከኩርባው በፊት እንጂ በኩርባው ውስጥ አይያዝ። (የካርል ቤንዝ የ1886ቱ መኪናም አንድ ጎማ ከፊት ነበረው፤ የአራት ጎማ መሪ ነገር ስላላጠገበው ነበር ይባላል።)

መልስ፦ በያጅ፣ ሐዋሳ
ወንበሩን ሲያነሡ የመሪውን አንገት (የመሪው ዘንግ የሚያልፍበትን ቱቦ) ብየዳ ይመልከቱልኝ። ቀለሙን በብረት ብሩሽ ይፋቁት፤ ከብየዳው ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካዩ ተሰንጥቋል፤ በላዩ አይደርቡ፣ በሞላ አውጥተው እንደ ገና ይበየድ። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃል። ደግሞም ሞተሩ የማን እንደ ነበር የሚያሳይ የሽያጭ ውል ይያዙ፤ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ያልተመዘገበና ያልተመረመረ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ አይወጣም። ላሜራውን ከመልበሱ በፊት ሥዕሉን ይዘው ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቁ፤ ከለበሰ በኋላ ማፍረስ ያንገበግባል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአንገቱ ግራ ጎን አንድ መስመር አገኘሁ፤ ነገ እቆርጠዋለሁ። ወንበሩ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሚዛኑንም ለሁለተኛ ጊዜ ተውሻለሁ።