የአያቴ ባርኔጣ ተጨፍልቃ ተገኘች፤ እንዴት ላቃናት?

የሸዋበር ልጅ (ደሴ) ጠየቀ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አያቴ ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ፤ እናቴ ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ሳጥናቸውን ለመክፈት አልደፈረችም ነበር። ስንከፍተው ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቡናማ ባርኔጣ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ «የጋሼ ቦርሳሊኖ» የሚላት ናት። አያቴ ከኮምቦልቻ አሰብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ያለ እሷ ከቤት አይወጡም ነበር ይባላል።

አሁን ግን ባርኔጣ ለማለት ታስቸግራለች። አናቷ ተጨፍልቆ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ክፈፏ እንዳደረ እንጀራ ጠርዝ ተቆልምሟል። ፊት ለፊት፣ ጣት በሚያርፍበት ስርጉድ ላይ፣ ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከኋላ ደግሞ ሦስት አራት ቦታ ላይ ላዩ የተጋጠ ይመስላል። የውስጧ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጥብጣቧን ተከትሎ የጠቆረ ቅባት አለ፤ አያቴ ቅቤ ይቀቡ ስለነበር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በዚያ ላይ የእኔ ራስ ሲለካ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እሷ 57 ናት።

አንድ ጥፋትም ሠርቻለሁ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌባት በካውያ ተኮስኳት። የተተኮሰው ቦታ እንደ አሮጌ ሱሪ ጉልበት አብረቀረቀ።

እህቴ በጥር ታገባለች፤ ለሠርጓ ላደርጋት ነው ሐሳቤ። ከተቻለ አናቷን አሁን ወጣቱ በሚወደው መልክ፣ ከላይ ሲያዩት የውሃ ጠብታ በሚመስለው፣ ብለውጠው ደስ ይለኛል። ከየት ልጀምር?

ባርኔጣ ሰብሳቢ (ወልዲያ)፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካውያውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፍበት።

ባርኔጣህ የተሠራችበት ፌልት ሸማኔ የሠራው ጨርቅ አይደለም፤ ድርና ማግ የለውም። የጥንቸል፣ የቢቨር ወይም የበግ ፀጉር በሙቅ ውሃና በግፊት እርስ በርሱ ተጠላልፎ የጠበቀ ነው። ሲሞቅና ሲርስ ይላላል፤ ሲደርቅ በተያዘበት መልክ ይጸናል። የባርኔጣ ጥገና ምስጢር ከዚህ አያልፍም። ካውያ ግን ፀጉሩን አስተኝቶ ይደፈጥጠዋል። ካልተቃጠለ ግን ይመለሳል፤ በእንፋሎት አሙቀህ በለስላሳ ብሩሽ አስነሣው።

ቦርሳሊኖ መሆኗንም አጣራ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1857 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በአሌሳንድሪያ ከተማ የተመሠረተ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ስሙ የማንኛውም ፌልት ባርኔጣ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የውስጡን ቆዳ ቀስ ብለህ ገልብጥና የታተመ ጽሑፍ ወይም ከኋላው የቁጥር ወረቀት ካለ ፎቶ አንሣው። ስሙ ባይገኝም አትዘን። ይልቅ የጥንቸል ነው የበግ የሚለውን ለይ። የጥንቸሉ ስስና ልስልስ ነው፤ የውሃ ጠብታ ብታሳርፍበት ለጥቂት ጊዜ ሳትሰርግ ትቆያለች። የበጉ ወፈር፣ ሸከር ይላል፤ በእንፋሎት ጊዜም አብዝቶ ይኮማተራል። የበግ ከሆነች ፎርማ ላይ፣ ማለትም በራስ ቅርጽ በተጠረበ እንጨት ላይ፣ ሳትወጥር እንፋሎት አታሳያት።

ቅደም ተከተሉን አትሳት። ቅባቱ ሳይወጣ ብታሞቃት ቅቤው ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ አቧራውን በደረቁ ጥረግ፤ ብሩሹን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙር፤ ፋብሪካ ሲጨርሳት ፀጉሩን ያስተኛው ወደዚያ ነውና። ከዚያ ቅባቱ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሰህ አሳድረውና ጠዋት ጥረገው። ቅቤ ግትር ነው፤ ሦስት አራት ሌሊት ይፈጅብሃል። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ የሚሉህ ይመጣሉ፤ አትስማቸው።

ቀጥሎ ማንቆርቆሪያ አፍላና የተጨፈለቀውን ቦታ ከአፉ አንድ ስንዝር አርቀህ ያዝ። አንድ ቦታ ላይ አትቁም። ጨርቁ እጅህ ላይ እንደ ቡሆ ለዘብ ሲልልህ ይታወቅሃል፤ ያኔ ከውስጥ በጣቶችህ ሆድ እየገፋህ አቃናው። በጥፍር አይደለም። ክፈፉን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈህ በእጅ መዳፍ አስተካክል። አንድ ቀን ሙሉ ሳትነካ አድርቃት።

አሁን ወደ ቀዳዳዋ። የኋለኞቹ የብል ናቸው፤ ብል ላዩን እየጋጠ ነው የሚሄድ። የፊቷ ግን የብል አይደለችም። ያለችው ስርጉዱ እጥፋት ላይ ነው አልክ። ሰው ባርኔጣውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ እያነሣ ሰላምታ ሲሰጥ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ስብስቤ ውስጥ ካሉት አሥራ አንድ ባርኔጣዎች አራቱ እዚያው ላይ ተሰንጥቀዋል። አያትህ ሰው ሲያከብሩ የኖሩ መሆን አለባቸው፤ ቀዳዳዋን የሠሩት የእሳቸው ጣቶች ናቸው። እንግዲህ አንተ ያን ስርጉድ ደልድለህ የውሃ ጠብታ ልታደርገው ነው? እለምንሃለሁ፣ ቅርፁን ተወው።

አናጢው (ኮምቦልቻ)፦

ጋሼ ሰብሳቢ፣ ልጁን አታስጨንቀው። ባርኔጣ የሚደረግ ነገር ነው፤ ከወደደ ይለውጠው። ፌልት ዛሬ ተለውጦ ነገ ደግሞ ይመለሳል።

ለማንኛውም ፎርማ ያስፈልግሃል፤ ለጫማ ሰሪ እንዳለው ሁሉ ለባርኔጣም አለው። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፤ ለመጥረብ ይመቻል፣ በደንብ ከደረቀ ቶሎ አይሰነጠቅም። ጥድ ሙጫው በሙቀት ይወጣል፤ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል። የራስ ቅርጽ ክብ እንዳልሆነ አትርሳ፤ ዙሪያው 58 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞላላ ብትፈልግ ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 16.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የውስጡ ቆዳም ቦታ ስለሚወስድ በሁለቱም በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ጨምርበት። ቁመቱን 15 አድርገው። የረጠበ እንጨት ቀለም ይለቃል፤ ፌልቱን ከማልበስህ በፊት ፎርማውን በስስ ላስቲክ ጠቅልለው። በእንፋሎት አለስልሰህ አልብሰው፤ አናቱና ክፈፉ በሚገናኙበት ላይ ገመድ ጠበቅ አድርገህ እሰር።

57ቱን 58 ለማድረግ ፎርማውን ቁመቱን ተከትለህ ለሁለት ሰንጥቀውና መሃሉ ላይ ብሎን አስገባ። በእንፋሎት እያራስክ በቀን ሩብ ዙር ብቻ አዙር። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አትመኝ።

የሐይቋ (ሐይቅ)፦

ልጄ፣ ማንቆርቆሪያ ምን ያደርጋል? ጀበና አለልህ አይደል። አፉ ጠባብ ስለሆነ እንፋሎቱን ወደ ፈለግህበት ይልክልሃል። ብሉን ደግሞ በወይራ ጢስ አጥነው፤ ለነጠላዬም ለጋቢዬም የማደርገው እሱን ነው።

ደግሞ ልምከርህ፤ ስታደርጋት ከሥር ሻሽ እሰር። የእምዬ ምኒልክን ፎቶ አላየህም? ጥቁሩ ባርኔጣ የሚያርፈው ነጩ ሻሽ ላይ ነው። የእሳቸው ምክንያት ሌላ ይሆናል፤ ባርኔጣው ግን ከቅቤም ከላብም ይተርፋል።

ባርኔጣ ሰብሳቢ (ወልዲያ)፦

እትዬ፣ ጀበናውን ወድጄዋለሁ። ጢሱን ግን አልቀበልም። ፌልት ሽታና ጥቀርሻ ይዞ አይለቅም፤ ጢሱ የብሉን እንቁላል ስለ መግደሉም ዋስትና የለንም። ባርኔጣዋን በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ፣ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጧት። ስትወጣ ከረጢቱ ሳይከፈት የክፍሉን ሙቀት ታግኝ፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዛታል። ይህን ከማናቸውም ሥራ በፊት አድርገው፤ ሳጥኑንና ጋቢውንም ፀሐይ አስመታ፤ ብሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የላቦራቶሪው ሰው (ደሴ)፦

ማንም ያላነሣው ነገር ስላለ ነው የገባሁት። ድሮ የጥንቸል ፀጉር በቀላሉ እንዲጠላለፍ በባዜቃ ውህድ፣ በሜርኩሪ ናይትሬት፣ ይታከም ነበር። የባርኔጣ ሠራተኞች እጅ ይንቀጠቀጥ፣ ጠባያቸውም ይለወጥ የነበረው ከዚያ የተነሣ ነው። አሜሪካ አሠራሩን ያስቆመችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ከዚያ ዘመን በፊት በተሠሩ ባርኔጣዎች ውስጥ ቅሪቱ ዛሬም ሊገኝ ይችላል።

የአያትህ ከዚያ በኋላ የተሠራች ትመስላለች፤ ቢሆንም ማሞቅና መፈቅፈቅ ካለ ጥንቃቄው አይከፋም። ሥራውን ግቢ ውስጥ አድርገው እንጂ ማዕድ ቤት አይሁን። ጓንት አድርግ፤ ብናኝ የሚያስነሣ ሥራ ላይ የአፍና የአፍንጫ ጭንብል አትርሳ። ልጆችም ራቅ ይበሉ።

ሌላም ልጨምር፦ በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እንፋሎቱ ከባሕር ጠረፍ አገር እንፋሎት ቀዝቀዝ ይላል፤ ለፌልት ግን ይበቃል። ትዕግሥት ብቻ ጨምርበት።

ቆዳ ሰፊው (ባቲ)፦

ስለ ውስጡ ቆዳ እኔ ልናገር። ካልተበጠሰ አትቀይረው፤ ቀለም የሌለው የቆዳ ክሬም በጣት ጫፍ ስስ አድርገህ ቀባውና በማግሥቱ ድገመው። ቅቤና ዘይት አታስጠጋው።

ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም የሚጠራ ነው፤ ጠንካራ ሆኖ ስስ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ ቀለም ያልተነከረ ምረጥ፤ የተነከረው ከላብ ጋር ግንባርህን ያቀልምሃል። አሮጌውን ስትፈታ ክሩን ቁረጥ እንጂ አትጎትተው። አዲሱን በድሮዎቹ የመርፌ ቀዳዳዎች ውስጥ መልሰህ ስፋ። ፌልት ላይ አዲስ ቀዳዳ በደረደርክ ቁጥር እንደ ቴምብር ዳር እየበሳኸው ነው። የታተመው ጽሑፍ ያለበትን ቁራጭ ግን ቆርጠህ አስቀምጥ።

ጠያቂ ሁለት (መርሳ)፦

ይቅርታ በመሃል ስገባ። እኔ ዘንድ ነጭ የቡሽ ባርኔጣ አለ፤ እሱም ተጨፍልቋል። በዚሁ ዘዴ ይቃናል?

ባርኔጣ ሰብሳቢ (ወልዲያ)፦

በፍጹም። ቡሽ እንፋሎት ሲነካው ሙጫው ይለቅና ይፈርሳል። በደረቁ ብቻ ጥረገው፤ ራሱን ችለህ ጠይቅና እንነጋገርበታለን።

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅባቱ በአምስት ሌሊት ለቀቀ፤ ጥላ የመሰለ ነገር ግን ቀርቷል። ውስጡ ላይ ስሙና «አሌሳንድሪያ» የሚለው በደበዘዘ ወርቃማ ፊደል ተገኘ፤ እናቴ «አላልኳችሁም?» ስትል ሰነበተች። ቆዳው ሁለት ቦታ ተበጥሶ ስለነበር በባቲው ሌጦ ተተካ።

እትዬ የሐይቋ፣ ጀበናው ጉድ ሠርቶኝ ነበር። የእናቴን የቡና ጀበና አፍልቼ ሳስጠጋት አፉ ውስጥ የቀረ አተላ ፊጭ ብሎ ክፈፏ ላይ አረፈ። ቡናማ ስለሆነች ብዙም አይታወቅባትም። ከዚያ አዲስ ጀበና ገዝቼ፣ ከግማሽ በታች ውሃ አድርጌ ሠራሁ፤ አሁንስ እንዳሉት ከማንቆርቆሪያ ይሻላል። ያበረቀረቀው ቦታም ከእንፋሎቱ በኋላ በብሩሽ ተነሣ፤ ፀሐይ ላይ ካልሆነ አይለይም።

ፎርማው ከዋንዛ ተጠረበ። ስፋቷ 57 ተኩል ደርሶ አልንቀሳቀስ አለ፤ ግንባሬን ትንሽ ትይዘኛለች፣ አይከፋም። ለቀዳዳዋ አንድ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ያሳየኝን አደረግሁ፦ ከውስጡ ቆዳ ሥር፣ ከማይታየው የፌልቱ ክፍል፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ፈቅፍቄ ሰበሰብኩ፤ በቀጭን ሙጫ ለውሼ፣ ከውስጥ ስስ ጨርቅ ደግፌ ሞላሁት። ጭንብሉን አድርጌ ነበር።

ቅርፁን አልለወጥኩም። ጋሼ ሰብሳቢ አሸነፉኝ ማለት አይደለም፤ ፎርማው ላይ እንዳለች እናቴ መጥታ ሳትጠይቀኝ ስርጉዱን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ወደ ቦታው መለሰችው። አያቴ ለልጅም ለአዋቂም፣ ለሚያልፍ ቀብርም እንዲያ እያነሡ ነበር አለች። ከዚያ በኋላ መከራከር አልቻልኩም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እስከ ሠርጉ እንዴት ላስቀምጣት?

ባርኔጣ ሰብሳቢ (ወልዲያ)፦

እሰየው! ክፈፏ ላይ አታስቀምጣት፣ ይቆለመማል። አናቷን ወደ ታች ገልብጠህ አኑራት። መኪና ውስጥ መስታወት ሥርም አትተዋት፤ ቆዳው በሙቀት ይኮማተርና ያቺን ግማሽ ሴንቲ ሜትር መልሶ ይወስድብሃል። ስታነሣት ደግሞ ከክፈፏ ያዝ እንጂ ከስርጉዱ አይሁን፤ የሞላኸው ነገር የአያትህን ዓይነት ሰላምታ አይችልም።

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)፦

ገልብጬ ባስቀመጥኳት ቁጥር እናቴ «ለማኝ የዘረጋት አስመሰልካት» እያለች መልሳ ታቀናታለች።

አናጢው (ኮምቦልቻ)፦

ፎርማው ምን ሊሠራልህ ነው? እሱ ላይ ስቀላት።