ለአንድ ታካሚ ሁለት ጠያቂ ብቻ? ደንቡ ይጥበቅ ወይስ ይላላ?

አወያይ፦ አንዳንድ ሆስፒታሎች በጠያቂ ሰዓትም ቢሆን ለአንድ ታካሚ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አያስገቡም። ምን ትላላችሁ?

የእድር ጸሐፊ፦ ይላላ። ክርስቲያኑ የሚሄደው «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን የማቴዎስ 25 ቃል ይዞ ነው። ሙስሊሙም የታመመ መጠየቅን የወንድሙ ሐቅ ነው ይላል። ከገጠር በአውቶቡስ መጥቶ በር ላይ «ሰዓት አልፏል» ተብሎ የተመለሰ ሽማግሌ አይቻለሁ። ያ ሰው አገሩ ሲገባ «እንዴት ሆነ?» ለሚሉት ምን ብሎ ይመልሳል?

ነርስ፣ ውስጥ ደዌ ክፍል፦ ጋሼ፣ የሚሉት ይገባኛል፤ እኔም የታመመ እጠይቃለሁ። ግን ክፍላችን 6 አልጋ አለው። ለእያንዳንዱ 5 ሰው ቢገባ 30 ነው። ግሉኮስ ልቀይር መተላለፊያ አጣለሁ። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ የወሰደ ታካሚ ነገር ነው። መድኃኒቱን ከወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በሽታ የሚከላከልለት ነጭ የደም ሴሉ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ይወርዳል። ለእናንተ ተራ ጉንፋን የሆነው ለእሱ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው እባካችሁ ይቅር፤ ይደውል። የገባም እጁን ይታጠብ፣ አልጋው ላይ አይቀመጥ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፦ ይጥበቅ። በ2012 ኮቪድ ሲገባ ተከልክሎ የለ? ቻልነው እኮ።

አስታማሚ፦ ወንድሜ፣ ማን ቻለው? ብዙ ሰው ዘመዱን ሳይሰናበት ቀብሯል። እኔ አባቴን ሳስታምም መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ግዛ እባላለሁ፣ ናሙና አድርስ እባላለሁ። ደም ሲያስፈልገው የሰጡልኝ ጓደኞቹ ናቸው። እነሱ ባይመጡ ሽንት ቤት እንኳ የምሄድበት ጊዜ አልነበረኝም። እና እኔ ከሁለቱ ጠያቂዎች አንዱ ተብዬ ነበር የምቆጠረው።

ታክማ የዳነች፦ ሁላችሁም የምትከራከሩት በቁጥር ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስቀምጥ ቦታ እስኪጠፋ ብርቱካንና ጁስ ተከምሮልኛል። ሁሉም «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ሄደ። ከፊሉ ደግሞ እገሊት በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተች አጠገቤ ቆሞ ያወራ ነበር፤ ስለ ፈጣሪ፣ ይህን አታድርጉ! ሕክምናው ወራት ሲፈጅ የሚመጣ ጠፋ። አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ከሥራ ስትወጣ ብቅ ትላለች። ስለ በሽታው ካላነሳሁ አታነሳም፤ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ታወራኛለች፣ ሲደክመኝ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ማቅለሽለሹ ሲመጣ ሳፋውን የምትይዝልኝም እሷ ነበረች። በር ላይ ግን «ምኗ ነሽ?» ትባላለች። «ጓደኛ» ስትል ለአክስቴ ልጅ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ያቺ ልጅ የመጣችው አንድ ቀን ነው።

የእድር ጸሐፊ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እንኳን ማረሽ። ያልሽው እውነት ነው፤ እድራችንም በአንድ ቀን ግር ብሎ ሄዶ ከዚያ ይረሳል። ተራ አውጥተን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው ብንልክ ይሻላል። ሁለት ሰው የሚለውን እቀበላለሁ። ማን ይግባ የሚለውን ግን ጥበቃው ሳይሆን ታካሚው ይወስን።

ነርስ፣ ውስጥ ደዌ ክፍል፦ በዚህ እስማማለሁ። አስታማሚም ከጠያቂ ሊቆጠር አይገባም። ታካሚው የሚፈልጋቸውን ሰዎች ስም ሲተኛ ቢያስመዘግብ ለእኛም ሥራ ይቀለናል።